ጋሼ ምናለበትና የዳኛው ሆድ

ጋሼ ምናለበት የሌሉበት ዘመድ የለም። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ቤተሰብ ካጋጠማችሁ፣ ወይ ዘመዶቹን በቅጡ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ ይህን የሚነግሯችሁ ጋሼ ምናለበት ራሳቸው ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ። ሰው ቤት ገብተው ገና ወንበር ሳይስቡ ዓይናቸው ከጠረጴዛ በታች ይወርዳል። እዚያ ጅራት ያለው ፍጡር ካዩ ቀኝ እጃቸው የቤቱን ባለቤት እየጨበጠ ግራ እጃቸው አንድ ነገር ቁልቁል ያቀብላል። እጅ ከፍንጅ ስትይዟቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው። «ምናለበት? አንዲት ቁራሽ እኮ ናት።»

እኚህኛው ጋሼ ምናለበት የአንዲት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር አጎት፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶፋ ሲያለብሱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እናታቸው ያወጡላቸው ደህና ስም አላቸው፤ ግን ከመታወቂያቸው በቀር የሚጠራቸው የለም። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ እንኳን «ምናለበት መጣ ወይ?» ነበር የሚሉት።

የጋሼን ገድል ዘርዝሮ መጨረስ ያስቸግራል። አንድ ጊዜ የታመመ ጓደኛቸውን ሊጠይቁ በፔርሙዝ ሾርባ ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ስለሚጠብቀው እህል ውሃ እንዳይቀምስ የተነገረው ሰው ተኝቷል። ሰውየው የሾርባውን ሽታ ተከትሎ አንገቱን አዞረ። ለጋሼ አንገት መዞሩ በቂ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሐኪሙ ተቆጣ፣ ነርሷ ተቆጣች፣ የበሽተኛው ሚስት አለቀሰች። ጋሼ ባዶውን ፔርሙዝ እየቆለፉ «ሰው በባዶ ሆዱ እንዴት ይቀደዳል?» አሉ።

ሌላ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ሲጠብቁ፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የሚዋኙት ዓሦች ከስተው ታዩዋቸው። ዓሣ ከስቶ እንዴት እንደሚታይ እሳቸውና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ዳቦ ፈርፍረው ለቀቁባቸው። ጥርሳቸው ተነቅሎ ሲወጡ ውሃው ወተት መስሎ ዓሣ የሚባል ነገር አይታይበትም። የእንግዳ ተቀባይዋን ዓይን አይተው፣ በደነዘዘ ከንፈራቸው፣ «ጠግበው ተኝተዋል» አሏት። የእህታቸው ልጅ በምትነዳው አውቶቡስ ሲሳፈሩም «መብላት ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ተቀምጠው ለተሳፋሪ የተቀቀለ እንቁላል ያድላሉ። ሹፌሯ በመስታወት እያየቻቸው ስትገሥጻቸው፣ «እኔ መች በላሁ? እነሱ ናቸው የበሉት» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን አይካድም። ጋሼ ሰው የበላውን ሳይሆን የተወውን ያያሉ። ሹፌሯ ገና መንጃ ፈቃድ ሳታወጣ፣ ልታገባው የነበረው ልጅ በአጭር መልእክት ሲሰናበታት ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እናቷ አላወቀችም፣ የልብ ጓደኛዋም አላወቀችም። ጋሼ እራት ላይ የዳቦዋን ጠርዝ ትታ ስትነሳ አይተው ኮሪደሩ ላይ ጠበቋት። «ማነው እሱ?» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እንዴት እንዳወቁ ዛሬም ብትጠይቃቸው፣ «አንቺ ጠርዝ ትተሽ አታውቂም» ነው መልሳቸው።

ይህ ሁሉ ስጦታ ግን የሹፌሯን ውሻ ከሽንኩርት አላዳነውም።

ውሻው ዳኛው ይባላል። ቡናማ ነው፣ ጆሮዎቹ የተንጠለጠሉ፣ ሆዱ ከማዕረጉ ጋር የሚመጣጠን። ስሙን ያገኘው ሰው ሲበላ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ራሱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ የምስክር ቃል እንደሚያዳምጥ ሰው በዝምታ ስለሚመለከት ነው። ፍርዱን ማመስገን ግን አይቻልም፤ ጉቦ ይበላል። ከከሳሽም ከተከሳሽም ይበላል፣ ከማያውቀው መንገደኛም ይበላል። ከሁሉ አብልጦ ግን ከጋሼ ምናለበት እጅ ይበላል።

ባለፈው በጋ በረጅሙ የበዓል እረፍት፣ በየግቢው ከሰል ተቀጣጥሎ ሰፈሩ በጭስ በታፈነበት ቀን፣ ዳኛው በሽንኩርት የታሸ ሥጋና የስብ ቁርጥራጭ በላ። ማን እንደሰጠው አልተረጋገጠም፤ ማንም ደግሞ አልተጠራጠረም። ውሻው ሲያስመልሰው ከርሞ፣ ምንጣፉ ተጥሎ፣ ሹፌሯ ከሥራ ቀርታ፣ የእንስሳት ሐኪሟ አስቀምጣ አስተማረቻት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳዋል። ቸኮሌት ልቡን ያስሮጠዋል። የተጠበሰ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ይዘጋዋል። ስኳር የለሽ ማስቲካ በአንድ ጊዜ ይጥለዋል። ወይንና ዘቢብ ደግሞ ኩላሊቱን ይገድላል፤ የትኛው ውሻ በስንት ፍሬ እንደሚሞት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሹፌሯ ሁሉንም በቃሏ ያዘችው። ሃያ ፌርማታ በተራ የሚይዝ ጭንቅላት ይህን አይረሳም።

ስለዚህ ዘንድሮ ለበዓሉ ተዘጋጀች። እንግዶች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ገና ወንበር ሲከፋፈሉ፣ መሃል ቆማ፣ በሥራ ድምፅዋ አወጀች። «ዳኛውን የሚያበላ ሰው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ይወርዳል። ምንም፣ ከማንም እጅ፣ አይሰጠውም። እጁን የሚያሳክከው ሰው ካለ ከዚህ ብቻ ይስጠው።» አረንጓዴ ጎድጓዳ ሳህን ከፍ አድርጋ አሳየች። ውስጡ ጨውም ቅመምም የሌለው የተቀቀለ ዶሮና የካሮት ቁርጥራጭ አለ። ሰው ሁሉ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ሁሉ የሚነቀንቀው።

ከዚያ ወደ ዋናው ተጠርጣሪ ዞረች።

«ጋሼ፣ ተነጋግረናል አይደል?»

«ተነጋግረናል።»

«ምን ተባባልን?»

ጋሼ እንደ ተማሪ ወደ ሰማይ አዩ። «ሽንኩርት አይሆንም፣ ወይን አይሆንም፣ ቸኮሌት አይሆንም፣ አጥንት አይሆንም።» ተነፈሱ። «ይሄ ውሻ ነው ወይስ መነኩሴ?»

«በቆሎስ?»

«ቆረቆንዳው ይዘጋዋል። ፍሬውን ፈልፍዬ ብሰጠውስ?»

«ጋሼ።»

«ጠየቅኩ እንጂ ሰጠሁ አላልኩም።»

ሹፌሯ በቃል አላመነችም። የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን በድንጋይ አስጫነች። ቸኮሌቱን ፍሪጅ አናት ላይ ሰቀለች። ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ አንድ ትልቅ ሳህን ሙሉ ጥቁር ወይን ተሸክሞ መጣ፤ ለእንግድነቱ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከዓለም ፍሬ ሁሉ መርጦ ያመጣው ይህንን ነው። አመስግና ተቀበለችው፤ ወዲያው ከጋሼ ዓይን ለማራቅ ዕቃ ቤት ወሰደችው። የላይኛው መደርደሪያ በባሏ የቀለም ቆርቆሮዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለተሞላ፣ ለጊዜው ብላ የታችኛው ላይ አስቀመጠችው። ለጊዜው የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚያመጣ መጨረሻውን ጠብቁ።

ለጋሼ ደግሞ ሥጋ ጠባሽነት ተሰጣቸው። ሹመት ይመስላል፤ ነገሩ ግን እስራት ነበር። በአንድ እጃቸው መቆንጠጫ፣ በሌላው ማራገቢያ ይዘው ከእሳቱ አጠገብ ከቆሙ ለጉቦ የሚተርፍ እጅ አይኖራቸውም። ብልህ ዕቅድ ነበር። ዕቅዱ ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚስማር በአፋቸው ይዘው፣ መዶሻ በአንድ እጅ፣ ቆዳ በሌላው እየጎተቱ የኖሩ መሆናቸውን ብቻ ዘነጋ።

ሹፌሯ ሰላጣ እየከተፈች እንኳን ከጀርባዋ ያለውን የምታይ ሴት ናት፤ ሙያዋ ነው። መጀመሪያ የጋሼ ግራ እጅ ወደ ካፖርታቸው ኪስ ሲገባ አየች። ሰው በበጋ ለምን ካፖርት እንደሚለብስ አሁን ገባት። እጁ ወጣ፣ ወረደ፤ ዳኛው አላመጠ።

«ጋሼ።»

«እጄን እየላሰኝ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እጁ ወረደ።

«ጋሼ፣ ምን ሰጡት?»

«ጭሱ ዓይኑን አስለቅሶት እያበስኩለት ነው።»

በሦስተኛው ሹፌሯ ቢላዋውን አስቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩ ቢራውን እየተጎነጨ «ለጋሼ ታርጋ አውጪላቸው፤ ካሜራ ላይ እንዲያዙ» አለ፤ ሰዎቹም ሳቁ። ሳቁ ነው ያናደዳት። ያለፈው በጋ ምንጣፍ፣ የሐኪሟ ትምህርት፣ በውሻው ሆድ ላይ እጇን አድርጋ ያደረችው ሌሊት አንድ ላይ መጡባት። የዳኛውን አንገትጌ ይዛ እየጎተተች ወደ ቤት ገባች፤ ዕቃ ቤቱን ከፍታ አስገባችውና በሩን ዘጋችበት። «እዚህ ማንም አያገኝህም» አለችው። ዳኛው ከበሩ ኋላ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጋሼ ከእሳቱ አጠገብ ሆነው ልቅሶውን ሲሰሙ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዱና ተመለሱ።

ቀጥሎ ልቅሶው ቆመ። ሹፌሯ ተኛ ብላ ደስ አላት። ዝም ያለ ውሻና ዝም ያለ ልጅ ምን እየሠሩ እንደሆነ የማታውቅ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን ሕግ በማስከበሯ ረክታ ነበር፤ እርካታ ደግሞ ጆሮ ይደፍናል።

ምሳው ተበላ፣ ወሬው ደራ፣ ሁለተኛው ዙር ሥጋ እሳት ላይ ወጣ። ባሏ፣ በዓመት አሥር ቃል የሚናገረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ተጨማሪ ወንበር ሊያመጣ ዕቃ ቤቱን ሲከፍት ዳኛው በእግሮቹ መሃል ሾልኮ ወጣ። አልሮጠም። በቀስታ ግቢውን አቋርጦ እንደ ልማዱ ከጋሼ ጫማ አጠገብ ተቀመጠ። ጋሼ ወደ ሰላጣዋ በኩል አዩ፤ ሹፌሯ ከሴቶቹ ጋር ታወራለች። እጃቸው ወደ ኪስ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ።

ዳኛው አሸተተ። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ጋሼ እጃቸውን ወደ አፉ አስጠጉ። ውሻው እንደገና ፊቱን አዞረ፤ ከንፈሩን ላሰ፤ ምራቁ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

«ዳኛው እምቢ አለ» አሉ ጋሼ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። «ጡረታ ወጣ በላ» አለ አንዱ። «አይ፣ ፀረ ሙስና ገብቶ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ በራሱ ቀልድ ከሌላው ቀድሞ እየሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። መቆንጠጫውን መሬት ላይ ጣሉ። እሳት ላይ ሥጋ ትተው ሲሄዱ ያያቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው ተንበረከኩ፤ የውሻውን ሆድ ዳሰሱ፤ አፉን ከፍተው አሸተቱ።

«ይሄ ውሻ አሞታል» አሉ። «ልጄ፣ ነይ እዚህ።»

ሹፌሯ መጣች። የመጣችው ግን ወደ ውሻው አልነበረም። «ምን ሰጡት?»

«አሞታል እኮ ነው የምልሽ።»

«ምን ሰጡት ጋሼ? ለመንኩዎት። ሰው ፊት ለመንኩዎት። ያለፈው አልበቃ ብሎ ነው?» ድምፅዋ እየከረረ ሄደ። «እንደ ልጅ አስቀምጬ አስጠናሁዎት። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳን እጅዎን መሰብሰብ አቃተዎት?»

ጋሼ ከተንበረከኩበት ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ የካፖርታቸውን ኪስ ገለበጡት። በመዳፋቸው ላይ የወጣው የተቀቀለ ዶሮና የካሮት ቁርጥራጭ ነበር። ጨው የለው፣ ቅመም የለው።

ሹፌሯ አረንጓዴውን ሳህን ዞራ አየችው። ግማሹ የለም።

«ከዚህ ከሆነ ለምን ይደብቁታል?» አለች፤ ድምፅዋ አነሰ።

«እሱ በግልጽ የሰጡትን አይወድም» አሉ ጋሼ።

ዳኛው በዚህ መሃል ጀርባውን አጎበጠ፤ ሁለቴ ሦስቴ ተናነቀውና አስመለሰ። የወጣው ጥቂት ነበር። ሥጋ አልነበረበትም። ጥቁር ልጣጭ ነበረበት።

ሹፌሯ ልጣጩን አየችው። ከዚያ ሮጠች። የዕቃ ቤቱ መብራት ሲበራ፣ የፀጉር አስተካካዩ ሳህን ወለሉ ላይ ተገልብጧል፤ ባዶ የወይን ዘለላ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ተበትኗል፤ አንዳንዱ ፍሬ በጥፍር ተረግጦ ሲሚንቶው ላይ ተጨፍልቋል። ሳህኑን ያስቀመጠችው እሷ ናት። ውሻውን ያስገባችው እሷ ናት። በሩንም የዘጋችው እሷ ናት። ከዓለም ሁሉ ደብቃ፣ ከመርዙ ጋር ቆልፋበታለች።

ወደ ግቢው ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «ወይኑን ነው» አለች። «እኔ ነኝ። ዕቃ ቤት ውስጥ እኔ…»

«ቁልፉን አምጪ» አሉ ጋሼ። ዳኛውን በካፖርታቸው ጠቅልለው ተሸክመውት ቆመዋል። ከኋላቸው ሥጋው እያረረ ነው።

በሥራዋ አንድም ቀን ቢጫ መብራት አልፋ የማታውቀው ሴት ያን ቀን እንዴት እንደነዳች ኋላ የሰማው ባሏ ለዓመቱ ከተመደቡለት ቃላት ሦስቱን አውጥቶ «እግዜር ነው የነዳልሽ» ብሏታል። ጋሼ ከኋላ ወንበር ላይ ውሻውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አንገቱን ያሹታል።

የዕለቱ የእንስሳት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ በበዓል ቀን ተረኛ መሆኗ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ዳኛውን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ጥያቄዋን ደረደረች።

«ምን በላ?»

«ወይን» አለች ሹፌሯ። «አንድ ትልቅ ሳህን። ግማሹን ረግጦታል መሰለኝ።»

«መቼ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ። ብዙ አልቆየም።»

«ማነው የሰጠው?»

ሹፌሯ አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸው። እጃቸው በከሰል የጠቆረ፣ ካፖርታቸው ትውከት የነካው ሽማግሌ ናቸው። የያዘችውን መርፌ እያዘጋጀች መናገር ጀመረች፤ በዓል በመጣ ቁጥር የምትናገረው መሆኑ ያስታውቃል። «አባባ፣ ወይን ለውሻ መርዝ እንደሆነ ሰው አልነገረዎትም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

የለመደ አፋቸው አንድ ቃል ሊያወጣ ተንቀሳቀሰና ተመለሰ። «ጥፋት ነው» አሉ።

«ከነገሩዎት በኋላ መስጠትዎ ፍቅር አይባልም። ያሳዘነዎት ዓይኑ ነው፤ የሚሞተው ግን ኩላሊቱ ነው።» ጋሼ ቁልቁል እያዩ ይህን ሁሉ ተቀበሉ። አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ሌላ ሰው ያጠፋውን እንደ ራሳቸው ልብስ ለብሰውት።

ሹፌሯ ክንዳቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ ለምን?» አለች በሹክሹክታ።

«የእኔ ስም እንደሆነ አንዴ ጠፍቷል» አሉ እሳቸውም ዝቅ አድርገው። «አንቺ ነገ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዘሽ መሪ ትጨብጫለሽ። እጅሽ መንቀጥቀጥ የለበትም።»

እጇን አየችው። ከክንዳቸው ላይ አነሳችው። በሥራ ድምፅዋ ባልሆነ ድምፅ ወደ ሐኪሟ ዞራ ተናገረች። «ዶክተር፣ እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ ከወይኑ ጋር የዘጋሁበት። እሳቸው ናቸው መታመሙን ያወቁት።»

ሐኪሟ ከአንዷ ወደ ሌላው አየች። «እዚህ የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ ‹እኔ አይደለሁም› ነው የሚባባለው» አለች። «እናንተ ደግሞ ትሻማላችሁ።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «እንዴት አወቁ? ብዙ ሰው የሚያመጣልኝ እኮ ውሻው ሽንት ካቆመ በኋላ ነው።»

«እምቢ አለኝ» አሉ ጋሼ። «ከእጄ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

ሐኪሟ የሚያስመልስ መርፌ ወግታው ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ከበሩ ኋላ የሚሰማው ድምፅ ለበዓል ቀን የሚመች አልነበረም። ሹፌሯና ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ በቆመው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባሏ ከቤት ደውሎ ሥጋው ማረሩን፣ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «ወይን ብዬ ያመጣሁ እጄ ይሰበር» እያለ ዕቃ ቤቱን ሲያጥብ መዋሉን ነገራት። ባሏ እንዲህ ብዙ ካወራ ነገሩ አስደንግጦታል ማለት ነው።

ሐኪሟ ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። «አብዛኛውን አውጥቶታል። የደም ምርመራው እስካሁን ደህና ነው፤ ኩላሊቱ አልተነካም። ዛሬ ግሉኮስ ተተክሎለት እዚሁ ያድራል። ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ፤ ግን ጥሩ ነው። በጊዜ ደርሳችኋል።»

«ሳላየው አልሄድም» አሉ ጋሼ። ሐኪሟ ትንሽ ጠብቁ አለችና ገባች።

ሹፌሯ ያኔ ነው በደንብ ያየቻቸው። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ ከእሳቱ ሥር ሆነው ሲያገላብጡ፣ ሲቆርጡ፣ «እንካ ያዝ፣ እንኪ ቅመሺ» ሲሉ ውለዋል፤ አፋቸው አንድ ጊዜ ሲያላምጥ ግን አላየችም። ወደኋላ ሄዳ አሰበች። ያለፈውን በጋ አሰበች። የሠርጓን ቀን አሰበች። ልጅ ሆና ቤታቸው የምትውልባቸውን ቅዳሜዎች አሰበች። ጋሼ ቁጭ ብለው ሲበሉ ያየችበት ቀን ሊመጣላት አልቻለም። የሰውን ሁሉ ሳህን የሚያይ ሰው፣ የእሱን ሳህን ለካ የሚያይለት አልነበረም።

ተነስታ ወጣች፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ዳቦና አይብ ገዝታ ተመለሰች። እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ይብሉ።»

«ቆይ፣ እሱን ልየው።»

«ያዩታል። አሁን ይብሉ።» በሩ ላይ የተከመረ ተሳፋሪን ገለል በሉ የምትልበት ድምፅ ነበር፤ ከሷ ጋር ሙግት የለም።

ጋሼ ዳቦውን ለሁለት ቆረሱት። ከጎናቸው አንዲት ሴት የድመት ቅርጫት ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። በቅርጫቱ ቀዳዳ አንድ ግራጫ መዳፍ ወጥቶ አየሩን ይቧጥጣል፤ ከበስተኋላው ሁለት ዓይን አይቡ ላይ ተተክሏል። የጋሼ ግራ እጅ ማንንም ሳያማክር አንድ ቁራሽ አይብ ይዞ ጉዞ ጀመረ። ሹፌሯ አየችው። እጁ መንገድ ላይ ቆመ።

«እመቤት» አሉ ጋሼ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይፈቀድለታል?»

ሹፌሯ ጆሮዋን አላመነችም።

«አይ አባባ» አለች ሴትዮዋ፤ «ሆዱን አሞት ነው ያመጣሁት። ምንም እንዳይቀምስ ተብሏል።»

ጋሼ ድመቱን አዩት። ድመቱ ጋሼን አያቸው። ብዙ ተያዩ።

«ሰማህ አይደል» አሉት፣ ከልባቸው አዝነው።

ከዚያ ቁራሹን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት። ቀስ ብለው፣ እንግዳ ነገር እንደሚቀምስ ሰው፣ አላመጡ። ሹፌሯ አጠገባቸው ተጠግታ ተቀመጠችና የመጨረሻዋን ጠርዝ እስኪውጡ ድረስ ዓይኗን ከአፋቸው ላይ አላነሳችም።